ከውጭ ይመጣል ያልኩት ቫልቭ

ለወራት ስዋሽ ከርሜያለሁ።

ኮምቦልቻ ውስጥ ብሉዝ ለሚጫወት ጊታሪስት በእጄ አምፕሊፋየር ስሠራ፣ ድምፅ የሚያጎላ አንድ አምፖል መሳይ የመስታወት ቫልቭ ጎደለኝ። "ከውጭ እየመጣ ነው" እለዋለሁ።

ውጭ ማለት ሳሎኔ ነው፤ ቫልቩ ያለው በሟች ባለቤቴ ራዲዮ ውስጥ ነው። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስሜ፣ ከሰዓት እዋሻለሁ። ጻድቅ ማለት እኔ!

ዛሬ ልጁ ደሴ ያለው ቤቴ ድረስ መጣ። "ጋሼ፣ ወላሂ ይሄ ቫልቭ በግመል ነው እንዴ የሚመጣው? ቅዳሜ በምን ልጫወት?"

ዓይኑ ዳንቴል የለበሰችው ራዲዮ ላይ አረፈ።

"የሟች ባለቤቴ ናት፤ ቫልቩ ያለው እሷ ውስጥ ነው" አልኩት።

"አፉ ይበሉኝ ጋሼ፣ በቃ ይቅር" ብሎ ተነሳ።

ከሞተች ወዲህ ራዲዮዋን ከፍቼ አላውቅም። ትዝታ ጠባቂው ባል!

እናንተ ቤትስ ዳንቴል ለብሶ ዝም ያለ ምን ዕቃ አለ? ንገሩኝ።

እኔ ልጁን ከበሩ ላይ ጠርቼ መለስኩት፤ ቫልቩንም ነቅዬ አምፕሊፋየሩ ላይ ሰካሁት።