እግሮቿን የምትጠይቀው አማከለች

አማከለች ሲነጋ ከመደቧ ቶሎ አትነሣም ነበር። ስንፍና እንዳይመስላችሁ፤ በፎገራ ሜዳ ከእሷ ቀድሞ የሚነቃ ዶሮ አልነበረም። ነቅታ ግን ዓይኗን እንደ ጨፈነች በጀርባዋ ትንጋለልና ከእግር ጥፍሯ ጀምራ ወደ ላይ፣ ባቷን፣ ጉልበቷን፣ ወገቧን፣ ሆዷን አንድ በአንድ ትጠይቃለች። ባሏ ደረሰ እሳት እስክትጭር መጠበቅ ሲሰለቸው፣

«አሁንስ አልነጋም?» ይላታል።

«ቆይ እስቲ፣ ገና ጉልበቴ ላይ ነኝ» ትለዋለች።

ደረሰ ይህችን ቀልድ ወረታ ገበያ ድረስ ይዟት ይሄድ ነበር። «የኔ ሚስት ከገዛ አካሏ ጋር ሸንጎ ሳትቀመጥ ውኃ አትቀዳም» እያለ ጠላ ቤቱን ያስቃል። የሰፈሩ ሴቶች ደግሞ ቀልዱን ወደ ሐሜት አዞሩት። «አማከለች እንደሆነች ከራስ በላይ ነፋስ ናት፤ ሳያማት ራሷን ታስታምማለች» ይሏት ጀመር።

ሐሜተኛ የፈለገውን ይበል፤ ሴትዮዋ የምትሰማው ነገር ነበረ። የወባ ንዳድ ሊጥላት ሁለት ቀን ሲቀረው ታውቃለች። ምራቋ ይመርራታል፣ በትከሻዎቿ መካከል ቀጭን ብርድ ይገባታል። ያን ጊዜ እንሥራዋን ሞልታ፣ እንጨቷን ፈልጣ፣ ዱቄቷን ፈጭታ ትጠብቀዋለች። ሌላው ሰው በእርሻው መካከል እየተንቀጠቀጠ ሲወድቅ እሷን ንዳዱ የሚያገኛት ጋቢዋን ተከናንባ፣ ውኃዋን ከራስጌዋ አስቀምጣ ነው።

ጎረቤቷ ትሁን አንድ ቀን «ሆዴን ባር ባር አለኝ፤ ወንድሜ አንድ ነገር ሆኗል» ብላ እያለቀሰች መጣች። በዚያ አገር ሆድ ባር ባር ካለ መርዶ አለ ማለት ነው፤ የሚጠራጠር የለም። አማከለች ግን ትክ ብላ አየቻትና፣

«ትናንት ምን በላሽ?» አለቻት።

«ምን እበላለሁ፣ ልቅሶ ቤት ዋልሁ።»

«እንግዲያስ መርዶ አይደለም፣ ርቦሽ ነው።»

ትሁን ተቀይማ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ይፋግ ድረስ በእግሯ ሄደች። ወንድሟን ማኅበር ላይ ጠላ ይዞ ሲጫወት አገኘችው። እዚያው እህል ቀመሰች፣ ባር ባሩም ተዋት። ከዚያ ወዲህ ትሁን የአማከለችን ስም በሐሜት አንሥታ አታውቅም፤ ቢያንስ ጮክ ብላ።

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ባንዱ ክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ከአፋቸው ሞልተው ሜዳውን ዋጡት። ጤፉ በቆመበት በሰበሰ። ውኃው ሲሸሽ በጥቁሩ ጭቃ ላይ የሚበቅል ጓያ ብቻ ነው፤ ጓያ ዝናብ አትለምንም። ያን ዓመት በየቤቱ ቂጣው ጓያ፣ ሽሮው ጓያ፣ ንፍሮው ጓያ ሆነ። ጓያ ግን ክፉ ጠባይ አላት፤ እግር ትሰብራለች። ደህና ጎልማሳ ማታ ተኝቶ ጠዋት ሲነሣ እግሮቹ ይተሳሰራሉ። መጀመሪያ ባንድ ምርኩዝ፣ ቀጥሎ በሁለት፣ ከዚያ በኋላ በእንብርክክ ነው።

ይህን የማያውቅ የፎገራ ሰው የለም። ዳሩ ግን ሁሉም ጥፋተኛ ያደረገው እንፋሎቷን ነበር። ጓያ ስትንተከተክ እንፋሎቷ ያገኘው እግር ይሰበራል፣ ገለባዋን የተሻገረም ይሰበራል ይባላል። ስለዚህ ወንዶቹ ከድስቱ ርቀው፣ ነፋሱን በጀርባቸው አድርገው ይቀመጣሉ፤ ስትበርድላቸው ደግሞ ቀርበው እስኪጠግቡ ይበላሉ። ደረሰም ብልህ ነኝ ብሎ ለሚስቱ ከቤቱ ጓሮ ምድጃ ሠራላትና ልጃቸውን መንግሥቴን «ወደዚያ ድርሽ እንዳትል» ብሎ አስጠነቀቀው።

መንግሥቴ ሃያ ዓመት የሞላው፣ ሞፈር ሲይዝ በሬዎቹ የሚፈሩት ጎበዝ ነው። ታይቱ የምትባል የይፋግ ልጅ ታጭታለት ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ተቆርጧል። ምርኩዝ ለያዘ ሙሽራ ልጁን የሚሰጥ አባት ደግሞ በዚያ ሜዳ አልተወለደም።

ዐቢይ ጾም ሲገባ አማከለች አንድ ማለዳ ከመደቧ ሳትነሣ፣

«ደረሰ፣ ባቴ ተቋጠረ» አለች። «ከውስጥ የሚጎትተኝ ነገር አለ።»

«እንፋሎቱ ነው። ቀሚስሽን ሰብሰብ እያደረግሽ ቀቅይ አላልሁሽም?»

 ያን ሳምንት ግን ትሁንን ለምና ወጡን ሁሉ እሷ እንድትሠራላት አደረገች፤ ከምድጃው አጠገብ አልደረሰችም፤ ጓያውን እንደ ሰው በላች። ባቷ አልተፈታም። በሚቀጥለው ሳምንት ነገሩን ገለበጠችው። እንፋሎቱ መካከል ቆማ ቀቀለች፤ የበላችው ግን ጎመንና ከጎታው ጥግ ጠርጋ ያገኘችውን የገብስ ቆሎ ብቻ ነበር። ራቧ ዓይኗን አጨለመው። በሰባተኛው ቀን ማለዳ ደረሰ ሲነቃ ሚስቱ ጣሪያውን እያየች ነው።

«ተፈታ» አለችው። «የምትሰብረን ስንቀቅላት አይደለም፣ ስንበላት ነው።»

«ስንት ዘመን የኖረ ሰው የማያውቀውን አንቺ ከመደብሽ ላይ ሆነሽ አወቅሽው?» ብሎ ሊስቅ ሞከረ።

«የኔ እግር እንፋሎቱ ውስጥ ሰንብቶ አውቆታል። አሁን የፈራሁት ለራሴ አይደለም። መንግሥቴ ከሁላችን አብልጦ ይበላል።»

ልጁን ስትጠይቀው «ኧረ ደህና ነኝ» አላት። በማግስቱም ደህና ነው፣ በሠልስቱም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኸው ነው። አራተኛው ቀን ሊነጋጋ ሲል ሄዳ ከመደቡ ጠርዝ ተቀመጠች። ደረሰ የተኛ መስሎ ይሰማል።

«ዓይንህን አትግለጥ» አለችው። «እግርህንም ገና መሬት አታስነካ። አንተ የምትፈልገውን አይደለም የምጠይቅህ፣ እግርህ የሚልህን ነው።»

ልጁ በጣቱ ጉልበቱን ዳሰሰ። ከዚያ ድምፁ እንደ ሕፃን ሆኖ፣

«እማ፣ ከጉልበቴ በታች ያለው የኔ አይመስለኝም» አለ። «ስነሣ እንደ እንጨት ነው። እስኪሟሟቅ ከበሬዎቹ ኋላ እየተጎተትሁ ነው። ለታይቱ ቤተሰብ እንዳትናገሪብኝ።»

ደረሰ በጋቢው ውስጥ ላብ አጠመቀው። ይህን ሁሉ ወር ልጁን ከእንፋሎት ሲያሸሽ ወደ ገበታው እየጎተተው ነበር። ከዕድሜው ሁሉ እንደዚያች ማለዳ ያፈረባት ቀን የለችም፤ ማፈርም ነበረበት።

በዚያው ሳምንት ቡሬን ነድቶ ይፋግ ገበያ ወረደ። ቡሬ ለመንግሥቴ ጎጆ መውጫ ቃል የተገባች፣ የሜዳውን ዓይን የምትስብ ላም ነበረች። በእሷ ምትክ ከደብረ ታቦር ደጋ የወረደ ገብስ በአህያ አስጭኖ ተመለሰ። አማከለች ገብሱን በቁና ሰፍራ ወደ ጎታው ገለበጠች። ሰፍራ ስትጨርስ ለጥቂት ጊዜ ቁናውን እንደ ያዘች ቆመች። ደረሰ አይቷት ነበር፤ ምን እንደምታስብ ግን አልጠየቃትም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ለአባትና ልጅ የሚቀርበው የገብስ እንጀራ፣ ወጡም የኑግና የጎመን ሆነ። እሷ እንደ አገሩ ሴት ሁሉ ወንዶቹን አብልታ፣ ገበታውን አንሥታ ወደ ጓዳ ትገባለች፤ የምትበላውንም እዚያው ትበላለች። የትኛው ባል ነው ጓዳ ገብቶ የሚስቱን አፍ የሚያይ? የመንግሥቴ እግር ቀስ በቀስ ተፈታ። ፋሲካ ሲደርስ ከበሬዎቹ ጋር እኩል ይራመድ ነበር። ደረሰ ደስታው ከልክ አለፈና ጠላ ቤት ሲገባ የድሮውን ቀልድ ተወ። «ሚስቴ የማትሰማው ነገር የለም» እያለ በሷ ይኮራባቸዋል።

የሠርጉ ዋዜማ ማለዳ አማከለች ከመደቧ ሳትነሣ ጠራችው።

«ደረሰ፣ ከወይራው ምርኩዝ ቁረጥልኝ።»

«ለማን?»

«ለኔ። ከዛሬ በኋላ ጓያ አልቀምስም፤ እግሮቼ እስከዚህ ነው ብለውኛል።»

ደረሰ መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ተነሥቶ ጓዳ ገባ። ከወፍጮው ኋላ ግማሽ የጓያ ቂጣ በቅል ተከድኖ አገኘ። ቂጣውን በእጁ እንደ ያዘ ተመልሶ ቆመ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር።

«አንቺ እኮ ትሰሚ ነበር! እንዴት ይህ ሲሆን ሳትሰሚ ቀረሽ?»

«ሰምቼማለሁ፤ በየማለዳው ሰምቻለሁ» አለች፤ በድምፅዋ ትንሽ ቁጣ ነበረ። «ገብሱ እስከ አዲስ እህል ለሁለት ሰው እንጂ ለሦስት አልበቃም፤ እስካሁን ያተረፍሁት አሁን ያደርሰናል። የናንተ እግር ሳይነግራችሁ ነው የሚሰበር። የኔ ይነግረኛል፤ የት ላይ እንደምቆም አውቃለሁ። ልጅህ እህሉን ሊተውልኝ ይችላልና ከሠርጉ በፊት እንዳትነግረው። በል፣ አንድ ቁረጥ። ሁለት አይደለም።»

አንድ ቆረጠ። ቆዳውን ሲልጥ፣ አንጓውን ሲያለሰልስ ረፈደበት። በማግስቱ አማከለች በአዲስ ነጠላ በምርኩዟ ተደግፋ ሙሽራይቱን ተቀበለች። መንግሥቴም እስክስታ ሲወርድ መሬቱን አንቀጠቀጠው። እንግዶቹ «እርጅና መጣ እንግዲህ» ሲሏት «መጥቷል» ብላ ሳቀች። የተናገረችውም አልቀረ፤ ብዙ ዓመት ኖረች፣ ሁለተኛ ምርኩዝም አልያዘችም።

ደረሰ ግን ከሠርጉ በኋላ ገበታ ሲቀርብ ብቻውን አልቆረሰም። እጁን ይታጠብና እጁ እስኪደርቅ ይጠብቃታል። ምርኩዟ ከጓዳ ወደ እሱ ኮ፣ ኮ እያለች ትመጣለች፤ አማከለች ከጎኑ ትቀመጣለች፤ ከአንድ መሶብ ይበላሉ። በዚያ ዘመን ይህ የሚያስቅ ነገር ነበርና ጎረቤት ሳቀበት። «ደረሰ ሚስቱ ካልፈቀደችለት አይጎርስም» ተባለ። እሱም «አዎ፣ አልጎርስም» ይላቸው ነበር።