ከእማማ ዘይነባ እጅ የበላሁት ዳቦ

ባለፈው ሳምንት ጅማ ውስጥ ኮሌጁ አጠገብ ካለች ካፌ ገብቼ ገና ወንበር ሳልስብ የተቆላ ለውዝ ሽታ ሲቀበለኝ፣ ሳላስበው ከንፈሬን በእጄ ሸፈንኩ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ያ ሽታ ግን ሁልጊዜ ወደ አጋሮ፣ ወደ ስምንት ዓመቴ ይመልሰኛል።

እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። አጥር የምንጋራቸው እማማ ዘይነባ ደግሞ ደጃፋቸው ላይ፣ ከሊሙ ገነት ቡና ጭነው ለሚያልፉ ሾፌሮች ዳቦና ዝንጅብል የገባበት ወፍራም የለውዝ ሻይ ይሸጡ ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠርተው አንድ ብርጭቆ ሰጡኝ። ግማሹን ሳልጨርስ ከንፈሬ አበጠ፣ ዓይኔ ተደፈነ፣ ትንፋሼ ያፏጭ ጀመር። እናቴ በጭነት መኪና ጋቢና ጅማ ሐኪም ቤት አደረሰችኝ፤ መርፌ ተወግቼ ተረፍኩ። ሐኪሙም፣ "ልጅዎ የለውዝ አለርጂ አለባት። የሚያድናት መድኃኒት የለም፤ ፈጽሞ አትቅመስ። ለውዝ የነካው ማንኪያ እንኳ አይድረስባት" አላት።

ስንመለስ ግን ሰፈሩ የራሱን ምርመራ ጨርሶ ነበር፤ እማማ ዘይነባ ቡዳ ናቸው ተባለ። ዳቧቸውን የሚገዛ ጠፋ። አንዲት ጎረቤታችንም በደግነት፣ ሸቤ በኩል ቡዳ የሚያስለፈልፍ ሰው እንዳለ ልትነግረን መጣች። እናቴ ስፌቷን ሳታቋርጥ፣ "ልጄን ያመማት ለውዝ ነው። ለውዝ ደግሞ አይለፈልፍም" አለቻት።

በገበያ ቀን፣ መንገዱ በሰው ሞልቶ ሳለ፣ እናቴ በአንድ እጇ እኔን በሌላው ትኩስ ዳቦ ይዛ እማማ ዘይነባ ደጃፍ ሄደች። ዳቦውን በእጃቸው እንዲቆርሱልኝ ስትጠይቃቸው ሴትዮዋ ወደ ኋላ አሉ።

"ተይኝ፣ ኢንተላ ኮ፣ ተይኝ ልጄ። ወላሂ አልደፍርም። ልጅቷ አንድ ነገር ብትሆንስ?"

"ጠዋት እኛ ቤት እኔና እርስዎ አብረን የጋገርነው ነው፤ ለውዝ ያለበት ዕቃ አልነካውም" አለች እናቴ፣ መንገደኛው ሁሉ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ። "እጅዎን ታጥበው ይቁረሱላት።"

ታጥበው ቆረሱልኝ። እየበላሁ ሳለ መንገዱ ሙሉ ቆሞ ከንፈሬን ያይ ነበር። የማትፈራ ትመስለኝ የነበረችው እናቴ የልብስ መለኪያ ሜትሯን ጣቷ ላይ ትጠመጥማለች፣ ትፈታለች፣ መልሳ ትጠመጥማለች። ምንም አልሆንኩም። ሁለተኛ ቁራሽ ጠየቅሁ፤ እማማ ዘይነባ እንባቸውን በሻሻቸው ጫፍ እየጠረጉ ሰጡኝ።

ከዚያ ወዲያ እማማ ዘይነባ ለለውዙ የብቻው ድስትና ማንኪያ መደቡለት፤ እጃቸውን በሳሙና ሳይታጠቡም አይነኩኝም ነበር። ያሟቸው የነበሩት ሴቶች ሳይቀሩ በየሠርጉ ከዳሱ ጫፍ፣ "የሰፊዋን ልጅ ለውዝ እንዳታቀምሷት" እያሉ ሲጣሩ እኔ በሀፍረት መግቢያ አጣ ነበር።

እናቴም እማማ ዘይነባም አርፈዋል። ዛሬ በምኖርበት ኮንዶሚኒየም ጎረቤቶቼ ስሜን እንኳ በቅጡ አያውቁም፤ ግብዣ ላይ ምግቡ በምን እንደተሠራ ስጠይቅ፣ "ትንሽ ብትቀምሺ ምን ትሆኛለሽ?" ይሉኛል። አልቀምስም። ሦስቴም ቢሆን እጠይቃለሁ፤ የጋባዧ ፊት ቢጠቁርም ሳህኑን እመልሳለሁ። ያኔ ግን አንድ ሰፈር ሙሉ አፌን ይጠብቅልኝ ስለነበር፣ መጠየቅ የሚባል ነገር አላውቅም ነበር።