ምድጃው እስኪበርድ

አክስቴን የሴራሚክ ፋብሪካው ሠራተኞች «እትዬ ቁልፍ» ይሏት ነበር። የምድጃውን በር ቁልፍ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ስለምትዞር ነው። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ማንም ቢለምናት፣ ሥራ አስኪያጁም ቢቆጣት፣ ሳይበርድ አትከፍትም። መብረዱን በእጇ አታውቅም፤ እጇን የዓመታት ግለት አደንድኖታል። ጉንጯን ነበር በሩ ላይ የምትለጥፈው። «እትዬ ቁልፍ ባሏን እየሳመች ነው» እያሉ ይስቁባታል። እሷም አብራ ትስቃለች፤ በሩን ግን አትከፍትም።

እናቴ የእሷ ታናሽ ናት፤ እዚያው ጭቃ ትቀርጽ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ በመሀላቸው ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። ዛሬም የእርጥብ ጭቃ ሽታ ሲያጋጥመኝ በደረቀ ጭቃ ዱቄት የነጣው መስኮትና የሁለቱ እህትማማቾች ንትርክ ይመጣብኛል።

ፋብሪካው ሊዘጋ ሲል የእናቴ እጅ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። እንደምንም ብላ አንድ ትልቅ የውሃ ጆግ ሠራች። ሌላ እንደማትሠራ ሁላችንም እናውቃለን። እሳት ላይ ቀልጦ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ ቅብ ስትቀባው አክስቴ ፊቷ ተለወጠ። ቅቡ ለሌላ ዓይነት ጭቃ የተሠራ ነው። እሳት ላይ ይስማማሉ አለች፤ ጠባቸው ሲበርዱ ነው። ቅቡ ከጭቃው ይበልጥ መኮማተር ይፈልጋል፣ ጭቃው ደግሞ አልለቅም ይለዋል፤ ሲወጠር ይሰነጠቃል። እናቴ ሰማያዊ እንደምትወድ ብቻ መለሰች።

ጆጉ የመጨረሻው እሳት ውስጥ ገባ። በማግስቱ ምድጃውን የሚያፈርሱት ሰዎች መጡ። አክስቴ ወንበር ስባ በሩ ፊት ተቀመጠችና፣ ውጪው ቀድሞ በርዶ ውስጡ እንደጋለ ከቀረ ዕቃው ራሱን በራሱ እንደሚሰነጥቅ ለአለቃቸው አስረዳችው። ሰውየው እያጉረመረመ ከመጋዘኑ ሊጀምር ሄደ።

ያስቸገረቻት እናቴ ናት።

«ትንሽ ገርበብ አድርጊውና ልየው።»

«እንኳን ለአንቺ፣ ለሥራ አስኪያጁም አልከፈትኩም።»

«የሥራ አስኪያጁ እጅ አይንቀጠቀጥም።»

አክስቴ ቁልፉን ጨበጠችው። ቆይታ ጉንጯን በሩ ላይ አደረገችና፣ «ገና ነው፣ የኔ እናት» አለች። እናቴም አጠገቧ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

አመሻሹ ላይ ተከፈተ። አክስቴ ጆጉን በሁለት እጇ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ደህና ነበር። ሰማያዊው ያምራል። እናቴ ፈገግ ስትል ነው «ጢን» ያለው። ቀጥሎ ሌላ። ቅቡ ላይ ከፀጉር የቀጠኑ መስመሮች መሮጥ ጀመሩ፤ ጭቃው ግን አልተነካም። አክስቴ ጎንበስ ብላ ጆጉን ዙሪያውን አየችው።

«ውሃ ያፈሳል?» አለች እናቴ።

«አያፈስም። ያልበዋል እንጂ።»

«ይላበው። እኔስ ስሠራው መች ሳያልበኝ ቀረ?»

እናቴ እጇን ስለማታምነው አክስቴ ጆጉን እስከ ቤት ተሸከመችላት። መንገዱን ሙሉ ጢን ጢን ሲል፣ ሁለቱም ያዳምጡት ነበር።