ሽሮ ይዤ ቢችናና ሞጣ

ዓርብ፣ መንገድ ላይ

ማለዳ ከአዲስ አበባ ተነሣሁ። የምማርበት የንግድ ትምህርት ቤት የሥራ ፈጠራ መምህራችን ጥብቅ ናቸው፤ ሐሳቡን ገዢ ፊት ያላስፈተነ ተማሪ አያሳልፉም። የእኔ ሐሳብ ለጾም የሚሆን፣ ተቀምሞ የታሸገ ሽሮ ነው። ከጸደቀልኝ መነሻ ገንዘብ አግኝቼ ቢችና ሱቅ እከፍታለሁ፤ ከስድስት ዓመት የአዲስ አበባ ኑሮ በኋላ ተመልሼ እናቴ አጠገብ እኖራለሁ።

የዓባይን በረሃ ወርደን ወጣን። ደጀን ላይ ተሳፋሪው ምሳውን ሲበላ፣ ሁዳዴ ነውና፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ስለማልቀምስ መኪናው ውስጥ ቆየሁ። ከዚያ ወዲያ የታጨደው የጤፍ ማሳ ብቻ ነው። እሱን እያየሁ፣ ቢችና እስክንደርስ ከጎኔ ያሉት ሴትዮ ላወሩኝ ሁሉ በቅጡ አልመለስኩም።

እሑድ፣ ቢችና

ከቅዳሴ የወጡትን ሴቶች፣ ሽሮውን ይገዙ እንደሆነ የሚሞላውን የትምህርት ቤቱን ቅጽ ይዤ ጠየቅኩ። እየሳሙኝ፣ እናቴን እየመረቁ፣ ሁሉም እንገዛለን አሉ። እናቴ ይህን ስትሰማ ለሱቁ ብላ የውጪውን ክፍል መጥረግ ጀመረች።

ሰኞ፣ ሞጣ

በጉንደ ወይን በኩል፣ አቧራ እየቃምን ገባን። የእናቴ የድሮ ደንበኛ እትዬ ዘይነባ ገበያው ውስጥ ቅመም ይሸጣሉ። ቅጹን አይተው ሳቁ።

«የእናትሽ ጎረቤቶች እምቢ ይሉኛል ብለሽ ነው? ወረቀቱን ተዪና ሽጪ።»

መደባቸው ላይ ዐሥር እሽግ ደረደርኩ፤ ግማሽ ኪሎው በመቶ ሃምሳ ብር። አንዲት ሴት አንዱን እሽግ ከፍታ አሸተተች።

«የማን እጅ ነው?»

«የእኔ።»

«አንቺስ የማን ነሽ?»

የእናቴን ስም ነገርኳት። አላወቀቻትም። ይባርክልሽ ብላ አስቀመጠችውና ከእትዬ ዘይነባ ኮረሪማ ገዛች። ጀምበር እስክታዘቀዝቅ የመጡት ሁሉ እንደዚያው አደረጉ።

«እኔንም ሰባት ዓመት አሽትተውኛል» አሉኝ እትዬ ዘይነባ። «እዚሁ ስለተቀመጥኩ ነው የለመዱኝ።»

ረቡዕ፣ አዲስ አበባ

የቢችናን ቅጽ ብቻ ባስገባ ማን ያውቅብኛል? ከእግዚአብሔር ግን የት እሸሸጋለሁ? ሞጣ ላይ አንድም አልተሸጠም፤ የቢችናውም እሺታ ለእናቴ ክብር ነው ብዬ ጻፍኩ።

መምህሩ አንብበው «አንቺ አልፈሻል፤ ሐሳቡ ግን ቀርቷል» አሉኝ።

ይህ ጉዞ ያስተማረኝ፣ ሽሮ ለመሸጥ መጀመሪያ አገር ላይ መቀመጥ እንደሚያስፈልግ ነው። እኔ ደግሞ አገሬ ለመቀመጥ መጀመሪያ ሽሮ መሸጥ ነበረብኝ።

ማታ ደውዬ ለእናቴ ነገርኳት።

«እኔ ግን እገዛ ነበር» አለችኝ።

እናቴ በዕድሜዋ ሽሮ ገዝታ አታውቅም።