ከታች የታየች መርከብ

ሰፈሩ «ካፒቴን» ይለዋል እንጂ የመርከብ መሪ ጨብጦ አያውቅም። በአንዲት ትልቅ የመንገደኞች መርከብ ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል፤ ይህ እውነት ነው። የሠራው ግን ውኃው ከሚደርስበት ልክ በታች፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ፣ አንሶላ እያጠበ ነው። ይህን ደግሞ ሰፈሩ አያውቅም።

ታሪኩ እንዲገባን የመርከብ እጥበት ቤት እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ነገሩ በራሱም ደስ ይላል። ሁለት ሺህ ሰው በሚተኛባት መርከብ ውስጥ በአንድ ቀን የሚታጠበው አንሶላና ፎጣ ቢዘረጋ አንድ መንደር ያለብሳል። ከየፎቁ የሚሰበሰበው ልብስ በከረጢት ይታሰራል፤ የክፍሉ ቁጥር የተጻፈበት ካርድ ይንጠለጠልበታል፤ ከዚያ በሰፊ ቱቦ ቁልቁል ይለቀቃል። ነጭ ከረጢት ማለት ተራው ደርሶ የወረደ ልብስ ነው። ቀይ ከረጢት ከተራው ውጭ የመጣ ነው፦ ባሕሩ ሲናወጥ አንዱ መንገደኛ አልጋው ላይ አስመልሷል ማለት ነው። ቀዩ ለብቻው፣ በፈላ ውኃ ይታጠባል።

ካፒቴን በመጀመሪያው ዓመት ቀይ ከረጢት ሲወርድ ፊቱን አዙሮ ከማጠብ ሌላ ያሰበው ነገር አልነበረም። በሁለተኛው ዓመት አንድ ነገር ታዘበ፦ ቁጥሮቹ ይደጋገማሉ። ሰዎቹ በየሳምንቱ ይለወጣሉ፤ ክፍሎቹ ግን ያው ናቸው። የሳሙና ካርቶን ቀደደና በላዩ ላይ የመርከቧን ቅርጽ በእጁ ነደፈ። ከዚያ ወዲያ ቀይ ከረጢት በወረደ ቁጥር እርሳሱን ከጆሮው ላይ አንስቶ በክፍሉ ቦታ አንዲት ጭረት ይጭራል። ያዘዘው የለም፤ የሚያየውም የለም። ዓመታት ሲያልፉ የመርከቧ አፍንጫና ጭራ፣ በተለይ ላይ ላዩ፣ በጭረት ጠቆረ። ታች መሃሏ ነጭ እንደሆነ ቀረ።

ምክንያቱንም ራሱ ደረሰበት። ጣውላ ድንጋይ ላይ አጋድመው ጫፍና ጫፉ ላይ የሚቀመጡ ልጆችን ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ጫፍ ላይ ያለው ልጅ ይነሳል፣ ይወድቃል፤ ድንጋዩ አጠገብ የተቀመጠው ግን እምብዛም አይነቃነቅም። መርከብም ማዕበል ላይ እንዲሁ ናት። ከፍታዋ ደግሞ እንደ ዛፍ ነው፤ ነፋስ ሲመጣ ጫፉ ይወዛወዛል፣ ግንዱ ዝም ይላል። ስለዚህ ባሕር ላይ ሰላም ያለው ታች መሃል ነው። ሰው ሁሉ የሚሻማው ግን ላይና ፊት ነው፤ ዓይን የሚጠግበው እዚያ ነዋ።

ውሸቱ የተጀመረው በመጀመሪያው የዕረፍት ጊዜው ነው። ጎረቤቱ «ባሕር እንዴት ነው?» ሲለው «ብዙም አላየሁት» ብሎ እውነቱን መለሰ። ጎረቤትየው ፊቱ ጥቁር አለና «ታዲያ ምን ልታደርግ ሄድክ?» አለው። ካፒቴን ክፉ ሰው አይደለም፤ ሰው ሲያዝንበት ግን አይችልም። በማግስቱ ሌላው ሲጠይቀው ከአስተናጋጆቹ የሰማውን የፀሐይ መውጫ እንዳየ አድርጎ ነገረው። ሰውየው ደስ አለው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና መመለሻ አልነበረም፤ በየዕረፍቱ አንድ ዶልፊን፣ አንድ ዓሣ ነባሪ፣ አንድ ደሴት ይጨመራል።

ከሁሉ የባሰችው ግን አንዲት ትንሽ ውሸት ናት። የእህቱ ልጅ ሰባት ዓመቷ ነበር። ሊሄድ ሲል ሻንጣው ላይ ተቀምጣ አልነሳም አለች።

«መርከቡ ይገለበጣል። አትሄድም።»

«ማን ነው ያለሽ? መርከብ እኮ እንደ ቤት ነው። ንቅንቅ አይልም» አላት።

ተነሳች። ሻንጣውንም ራሷ እየጎተተች እስከ በር ሸኘችው።

አሁን ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሕፃናት ታስተምራለች። አውቶቡስ አይስማማትም። ሁልጊዜ የፊተኛው ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ በመሐረብ የተጠቀለለች ሎሚ ከቦርሳዋ አትጠፋም፤ መንገዱ ሲጠማዘዝ ሎሚዋን አፍንጫዋ ሥር ትይዛለች። ሥራውን ትቶ ከእህቱ ቤት የኋላ ክፍል የገባው አጎቷ ይህን በየቀኑ ያያል።

ሠርጓ ስድስት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ የእሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከእጮኛዋ ጋር መጣች። እጮኛዋ ሊፍት ጠጋኝ ነው። ሥራው ሕንፃ ውስጥ ካለው ጨለማ ጉድጓድ ሆኖ ገመድና ብሎን መመርመር ስለሆነ ወደ ብርሃን ሲወጣ ዓይኑን ያጨነቁራል። ለጫጉላ ሽርሽራቸው የስምንት ቀን የመርከብ ጉዞ አስበዋል። ምግብ ጠረጴዛው ላይ የመርከቧን መጽሔትና የክፍሎቿን ፕላን ዘረጉ።

«አጎቴ ይምረጥልን» አለች ሙሽሪት። «ካፒቴን ቤታችን ተቀምጦ ሌላ ሰው ምን ያስጠይቀናል?»

«ጋሼ፣ ይኼን ይዩልኝ» አለ ጠጋኙ ጣቱን ከፕላኑ ጫፍ ላይ አድርጎ። «አሥረኛ ፎቅ። ፊት ለፊት። በረንዳ አለው። ጠዋት መጋረጃውን ገለጥ ሲያደርጉት ባሕሩ እግርዎ ሥር ነው!»

«ለእግር ከሆነ ባልዲ አይበቃም?» አለች እህቱ ከሻይ ማንቆርቆሪያው ጋር ስትገባ።

ካፒቴን መነጽሩን አደረገ። የመንገደኞቹ ክፍሎች እንዲህ በመልክ በመልካቸው፣ አልጋቸውና መስኮታቸው ተስሎ ሲያያቸው የመጀመሪያው ነው። ቁጥሮቹ ሁሉ የድሮ ወዳጆቹ ነበሩ፤ ፊታቸውን ግን አያውቀውም።

«ይቺ ከእኛዋ ጋር እህትማማች ናት፤ በአንድ ፕላን ነው የተሠሩት» አለ። ከዚያ ጣቱ በቀስታ ወደ ታች ወረደ። «አራተኛ ፎቅ፣ መሃል ይሻላል።»

«ታች?» ጠጋኙ ሳቁ መጣ። «ጋሼ ይሙቱ! እኔ እኮ ዓመቱን ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ ነኝ። ለጫጉላዬም ጉድጓድ?»

«ላይ… ነፋስ ይበዛል።»

«ነፋሱን ነው የምፈልገው።»

«ድምፅም አለው።»

«አንተ ራስህ አይደለህ እንዴ ላይ፣ ፊት ለፊት ቆመህ ዶልፊኖቹን ያየኸው?» አለች ሙሽሪት። «እዚያው ቦታ ቆሜ ማየት እፈልጋለሁ። ሎሚዬንም ቤት ትቼ ነው የምሄደው። መርከብ እንደ አውቶቡስ አይደለማ፤ ንቅንቅ አይልም።»

ካፒቴን ፕላኑን አየ። አሥረኛ ፎቅ፣ ፊት ለፊት። ካርቶኑ ላይ ጭረቱ ከመብዛቱ የተነሳ እርሳሱ ወረቀቱን የበሳበት ቦታ ነው። ዝም ቢል ስምንቱን ቀን በቀይ ከረጢት ታሳልፋለች። ቢናገር ካፒቴንነቱ ዛሬ ያበቃል።

«ይነቃነቃል» አለ።

«ምኑ?»

«መርከብ። የማይነቃነቅ መርከብ የለም።»

«አላልክም? ሻንጣህ ላይ ተቀምጬ…»

«ብያለሁ። እንድትነሺልኝ ነው።»

ሙሽሪት ፕላኑን ወደ ራሷ ሳበች። «ዶልፊኖቹስ?»

«ዶልፊኖቹን ያየው አስተናጋጁ ነው።»

«የቱ አስተናጋጅ?» አለች እህቱ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች።

«የምግብ አዳራሹ። ምሳ ስንበላ ነገረኝ።»

«ዓሣ ነባሪውንስ?»

«እሱን ፀጉር አስተካካዩ ነው።»

«ወይ ጉድ! ይኼ ሁሉ ሰው ሲያይ አንተ ምን ስትሠራ ነበር?»

«አንሶላ ሳጥብ።»

ሙሽሪት የተማሪዎቿን ወረቀት እንደምትሰበስብ ሁሉ መጽሔቱንና ፕላኑን ጠርዝ ለጠርዝ አስተካክላ ደረደረች። «ለተማሪዎቼ ሁሉ ስለ ዶልፊኖቹ ነግሬያቸዋለሁ» አለችና ወደ ማእድ ቤት ገባች። እናቷ ተከተለቻት።

ጠጋኙ ወንበሩን አስጠጋ። ሽማግሌ ማሳፈር አይወድም፤ ዝም ማለትንም አይችልበትም። «እና ጋሼ፣ ከታች ሆኖ ምንም አይታይም?»

«ብዙ ይታያል» አለ ካፒቴን።

ወደ ክፍሉ ሄዶ ሻንጣው ሥር አራት ቦታ ታጥፎ የኖረውን ካርቶን አመጣ። ነጩን ከረጢት፣ ቀዩን ከረጢት፣ ቱቦውን፣ የቁጥሩን ካርድ በቅደም ተከተል አስረዳ። ስለ ዶልፊን ሲያወራ እንደዚህ ፊቱ በርቶ አያውቅም። ከዚያ የሙሽሪትን ማስመሪያ ወሰደና እርሳስ ላይ አጋደመው፤ በሁለቱ ጫፍና በመሃሉ አንዳንድ ስኳር አስቀመጠ። ማስመሪያውን ወዲህና ወዲያ ሲያዋዥቀው የጫፎቹ ስኳሮች ጠረጴዛው ላይ ዘለሉ። የመሃሉ ቦታውን አልለቀቀም።

«አንዴ ይስጡኝ» አለ ጠጋኙ። ራሱ ሞከረው። ደገመው። ስኳሩን ቦታ ለዋወጠና ሠለሰው። ማሽን የሚያውቅ ሰው ማስረጃ ፊት አይከራከርም።

ሙሽሪት የማእድ ቤቱን በር ተደግፋ ታይ ነበር። መጣችና ጣቷን ካርቶኑ ጥቁር ቦታ ላይ አሳረፈች።

«ከዚህ ስንት ቀይ ይወርዳል?»

«በአንድ መጥፎ ቀን? ከአሥራ ሁለቱ ክፍሎች ዘጠኙ።»

«ከዚህስ?» ታች መሃሉን ነካች።

«በአሥራ ሰባት ዓመት ሁለት። አንዱ ደግሞ ከመጠጥ ነው እንጂ ከባሕር አይደለም።»

«በምን አወቅህ?»

«አንሶላው ይናገራል።»

ከንፈሯ ጫፍ ላይ ፈገግታ ነገር መጣና ሄደ። ጠጋኙ አሥረኛውን ፎቅ ለመጨረሻ ጊዜ አየው። «መተኛቱ ታች ይሁን» አለ በመጨረሻ። «ማየት ሲያምረን እንወጣለን። ሊፍት አለው አይደል?»

«ስድስት።»

«እንግዲያው ምን ቸገረን!»

«እሰይ፣ ልጄ» አለች እህቱ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን ነበር ፍርሃቴ።»

በማግስቱ ሦስቱም ወደ ጉዞ ወኪሉ ቢሮ ሄዱ። ሙሽሪት ከአጎቷ ጋር ከሰላምታ ሌላ አልተነጋገረችም፤ አውቶቡስ ውስጥ ግን የፊተኛው ወንበር ላይ አጠገቧ ቦታ ያዘችለት። ቢሮው ጠባብ ነው፤ ግድግዳው በሰማያዊ ፖስተር ተሸፍኗል፤ ወንበሮቹ ሁለት ብቻ ስለሆኑ ጠጋኙ ቆመ። ጸሐፊዋ ኮምፒውተሯን እያየች አራተኛ ፎቅ መሃል ሁለት ክፍል ብቻ መቅረቱን ነገረቻቸው፤ አንዱ ከጭፈራ አዳራሹ ሥር፣ ሌላው ከእጥበት ቤቱ በላይ ነው።

«ከእጥበት ቤቱ በላይ» አለ ካፒቴን ሳያስብ። «የማሽን ድምፅ አንድ ዓይነት ነው፤ ጆሮ ይለምደዋል። ወንበር መጎተት ግን አይለመድም።»

ጸሐፊዋ ቀና አለች። «ሙሽሮች ሁልጊዜ በረንዳ ነው የሚሉኝ። ይኼን ማን መከራችሁ?»

ካፒቴን ጫማውን አየ።

«አጎቴ ነው» አለች ሙሽሪት። «መርከብ ላይ ልብስ አጣቢ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት።»

ይህንኑ በደረቁ፣ የሰው ዕድሜ እንደሚነገር ተናገረችው። ጸሐፊዋም «አሃ» ብላ የክፍሉን ቁጥር ጻፈች።

ሠርጉ አለፈ፤ ሙሽሮቹ ሄዱ። ስምንቱን ቀን ካፒቴን ጠዋት ጠዋት የአየር ጠባይ ዜና ያዳምጥ ነበር። በሦስተኛው ቀን በዚያ በኩል ነፋስ መነሳቱን ሰማና ቁርሱን ሳይጨርስ ተነሳ። እህቱ የተረፈውን ከድና አስቀመጠችለት።

ሲመለሱ በረንዳው ላይ ተቀብሎ ሻንጣቸውን አገዛቸው። ሁለቱም ከስተዋል። ስለ ፀሐይ መውጫው አልጠየቀም፤ ስለ ዶልፊንም ትንፍሽ አላለ። እስኪቀመጡ ጠበቀና፣

«ቀይ ከረጢት?» አለ።

«አንድ» አለች ሙሽሪት።

ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ሁሉ ወረደ። «መሃል ሆኖ? አይሆንም። አራተኛ ፎቅ መሃል ሆኖ…»

«የእኔ አይደለም» አለች። ጣቷን ወደ ባሏ ቀሰረች። «የእሱ ነው!»

ጠጋኙ የኮፍያውን ጠርዝ ሳብ አደረገ። «ጋሼ፣ በሦስተኛው ቀን ነፋሱ ሲነሳ ከላይ እንዴት እንደሆነ ልይ ብዬ ወጣሁ። አሥረኛ ፎቅ። ፊት ለፊት።»

«ምን ያህል ቆየህ?»

«ሃያ ደቂቃ። እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም፤ አልጋው ላይ ስደርስ ነው የሆነው።»

«እኔ ደህና ነበርኩ» አለች ሙሽሪት። «ትንሽ ያዞር ነበር እንጂ ደህና ነበርኩ። ሎሚዬን ይዤ ሄጄ ነበር፤ ለእሱ ሰጠሁት።»

እህቱ ከማእድ ቤት ሆና ሳቋ ተሰማ። ካፒቴን ግን ጥያቄው አላለቀም ነበር። ካርቶኑን ከክፍሉ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፤ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አነሳ። ከረጢቱ የወረደው ከአራተኛ ፎቅ ነው፤ ሕመሙ የመጣው ግን ከአሥረኛው። በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አልገጠመውም። ምናልባት ገጥሞት ይሆናል፤ ያን ጊዜ መንገደኛውን መጠየቅ የሚችልበት መንገድ አልነበረም።

«በስንት ሰዓት ነው የወጣኸው?» አለ።

«ከጠዋቱ አራት ሰዓት አካባቢ፣ ጋሼ።»

«ከመውጣትህ በፊት ቁርስ በልተሃል?»

«በልቷል፣ እንዴታ!» አለች ሙሽሪት ወንበሯን እየጎተተች። አጎቷ አጠገብ ተቀመጠች፤ ካርቶኑ እንዳይታጠፍ ጠርዙን በእጇ ያዘችለት።