የሰረዝኳቸው ሁለት ነጥቦች

ደምበል ሕንጻ ገና አዲስ በነበረበት ጊዜ፣ ካዛንቺስ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። እሁድ እሁድ ደግሞ ቅርጫት ኳስ አጫውታለሁ። የወንዶችን ጨዋታ የምትዳኝ ሴት ያኔ ብዙም አትታይም ነበር። ጠዋት ቱታዬን ለብሼ ከቂርቆስ ስወጣ ጎረቤቶቼ፣ «ዛሬም ልትሰደቢ ነው?» እያሉ ይስቁብኛል።

የዚያን እሁድ የሰማያዊዎቹ አሰልጣኝ የሁለተኛ ደረጃ የስፖርት አስተማሪዬ ነበሩ። ፊሽካ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄ ላይ ያስቀመጡት እሳቸው ናቸው። ይህን ከእኔ ጋር ለሚያጫውቱት አንጋፋ ዳኛ አስቀድሜ ነገርኳቸው።

«በዚህ ከተማ የማይተዋወቅ ማን አለ? ይልቅ አጫውቺ» አሉኝ።

ጨዋታው ሊያልቅ አራት ደቂቃ ሲቀረው ቀዮቹ በአንድ ነጥብ ይመሩ ነበር። የሰማያዊው ዘጠኝ ቁጥር ወደ ቅርጫቱ ሲዘል ተመትቶ ሲሚንቶው ላይ በክርኑ ወደቀ። ፊሽካ ነፋሁ፤ ሁለት ነጻ ውርወራ። ወዲያው የቀዮቹ አምበል እየጮኸ መጣብኝ። እሱን አረጋግቼ ዞር ስል አንድ ሰማያዊ ማሊያ የነጻ ውርወራው መስመር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ቁጥሩን ሳላይ ኳሱን ሰጠሁት። ሁለቱንም አስገባ፤ ሰማያዊዎቹ መሩ።

ቀዮቹ ኳሱን ከመጨረሻው መስመር አስገቡ፤ ሰዓቱም መቁጠር ጀመረ። ብዙም ሳይሄዱ ኳሱ ከአንዱ እጅ አምልጦ ወጣ። አነሳሁት። ከውጭ የሚያስገቡት ሰማያዊዎቹ ናቸውና ለመቀበል ዘጠኝ ቁጥር መጣ። እጁን ሲዘረጋ ክርኑን አየሁት፤ ተልጦ የሲሚንቶ አቧራ ተለጥፎበታል። ከዚህ ልጅ ጀርባ የቆመው ስድስት ቁጥር ነው፤ የቡድኑ ምርጥ ወርዋሪ። ክርኑ ንጹሕ ነው፤ ቅድም መስመሩ ላይ ኳሱን የተቀበለኝም እሱ ነው።

ነጻ ውርወራ የሚወረውረው የተመታው ራሱ ነው። ሌላ ሰው ከወረወረ ነጥቡ ይሰረዝና ኳሱ ለተጋጣሚ ይሰጣል። ይህን ማረም የሚቻለው ግን አሁን ብቻ ነው። ኳሱን ለዘጠኝ ቁጥር ካቀበልኩት ጨዋታው ይቀጥላል፤ ስህተቱም እንደ ጸና ይቀራል። ኳሱን ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩት።

አንጋፋው ዳኛ ሮጠው መጡ። «ምን ሆነሻል? ስጪው እንጂ!»

«የተመታው ዘጠኝ ነው። የወረወረው ስድስት ነው።»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ቀዮቹ እንኳ አላዩም። ስጪውና በቃ፣ ያልቃል።»

«እኔ አይቻለሁ» አልኳቸው።

ወደ ነጥብ መዝጋቢዋ ጠረጴዛ ሄድኩ። መዝጋቢዋ ነጥቡን ለስድስት ቁጥር ጽፋለች፤ ማን እንደተመታ ግን ወረቀቱ ላይ አይጻፍም። ዘጠኝ ቁጥርን ጠራሁት።

«የተመታኸው አንተ ነህ?»

ልጁ ወደ አሰልጣኙ ዞሮ አየ። አስተማሪዬ አንገታቸውን ሰበሩ። ልጁ፣ «አዎ፣ እኔ ነኝ» አለ።

እጆቼን ከፊቴ አመሳቅዬ ነጥቡ መሰረዙን አሳየሁ። ሜዳው በጩኸት ተናወጠ።

አስተማሪዬ መስመሩ ድረስ መጡ። «ኳሱን የሰጠሽው አንቺ! ልጆቼ በምን ዕዳቸው ይቀጣሉ?»

«ልክ ነዎት ቲቸር፣ ስህተቱ የኔ ነው። ሳላጣራ ሰጠሁ። ነጥቡ ግን አይጸናም።»

«አንቺን ብሎ ዳኛ!»

ኳሱን ለቀዮቹ ሰጥቼ ጨዋታውን አስቀጠልኩ። ሮጥኩ፤ መንፋት ያለብኝንም ነፋሁ። ሰማያዊዎቹ በአንድ ነጥብ ተሸነፉ።

ሪፖርቱ ላይ «ወርዋሪውን ሳላጣራ ኳስ የሰጠሁት እኔ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። አንጋፋው ዳኛ፣ «ይህቺን መስመር ተያት፣ ራስሽን ነው የምታስመቺው» ብለው መከሩኝ። አልተውኳትም። እውነትም ለአንድ ወር ከሜዳ አንስተው ጠረጴዛ ላይ ሰዓት ያዥ አደረጉኝ። መሥሪያ ቤት ስገባ ማልቀስ ያምረኝ ነበር፤ ሆኖም አንድም እሁድ አልቀረሁም። ወደ ዳኝነቱ ስመለስ ልማዴን ቀየርኩ። ነጻ ውርወራ በሰጠሁ ቁጥር የተመታውን ቁጥር ጮክ ብዬ እጠራለሁ፤ ማንም ቢከራከረኝ ዓይኔን ከተመታው ልጅ አልነቅልም። ተመልካቹ «ኧረ ፍጠኚ!» እያለ ያፏጭብኛል። ያፏጭ።

አስተማሪዬ ብዙ ወራት አኮረፉኝ። ሜዳ ላይ ስንገናኝ እጅ ለመንሳት ጎንበስ ስል ሌላ ሰው ማናገር ይጀምራሉ። አንድ ቀን ከሥራ በኋላ ቡልጋሪያ ታክሲ ሰልፍ ላይ ከፊቴ ቆመው አገኘኋቸው። ማምለጫ አልነበራቸውም።

«ደህና ነሽ?» አሉኝ መንገዱን እያዩ።

«እግዚአብሔር ይመስገን ቲቸር። እርስዎስ?»

ሰልፉ ትንሽ ተጠጋ። «በነጥቡ አይደለም የተናደድኩት» አሉ። «ልጁ እውነት ለመናገር መጀመሪያ የኔን ፊት አየ። እኔ ምን አደረግሁ? ቀና ብዬ 'ተናገር' ልለው ሲገባኝ አቀረቀርኩ።»

ታክሲው መጣ። እሳቸው ቀድመው ገቡ፤ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቦታ ለቀቁልኝ፤ እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ።