ለጭጋጉ ያወጣሁት ስም

ትምህርት ቤት ሳልገባ ነው። ከደባርቅ ተነስተን ሊማሊሞን ስንወርድ ጭጋጉ መንገዱን ዋጠው፤ የአውቶቡሱ የኋላ ጎማም ከገደሉ ጠርዝ ወጣ። ከኋላ የተቀመጡት አንድ በአንድ ሲወርዱ፣ እኔንና እናቴን ጨምሮ ከፊት ያለነው ክብደት ሆነን እንድንቆይ ሾፌሩ አዘዘ። ማልቀስ ስጀምር እናቴ ወደ መስኮቱ አመለከተችኝ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ጉም።"

"ጉምማ ሽቅብ ይነሳል። ይሄ ተኝቷል።"

"ጭጋግ።"

"እሱን ሁሉም ይለዋል። አንቺ ስም አውጪለት።"

አውቶቡሱ ተንቋቋ። "የተራራው የዓይን ሞራ" አልኩ።

"እሰይ!" ብላ ሳመችኝ። መዳፏ በላብ ርሷል።

ሁላችንም ከአውቶቡሱ በሰላም ወረድን። በእግር ወደ ደባርቅ ስንመለስ እሷ በሹክሹክታ ትጸልያለች፤ እኔ ቀሚሷን እየጎተትኩ፣ "እማ፣ ሌላ ጠይቂኝ" እላታለሁ።